ምዕራፍ አምስት፦ ፎቶግራፉን ማን አየ?

እንግሊዛዊው ጸሐፌ ተውኔት ጄ. ቢ. ፕሪስትሊ በጻፈው «አን ኢንስፔክተር ኮልስ» ውስጥ አንድ መርማሪ ከኪሱ ፎቶግራፍ ያወጣል። የጽዳት መርዝ ጠጥታ የሞተች የአንዲት ወጣት ሠራተኛ ፎቶ ነው። መርማሪው ፎቶውን ለቤቱ አባወራ ለአርተር በርሊንግ ያሳየዋል። ልጁ ኤሪክና የሴት ልጁ እጮኛ ጄራልድ እነሱም ለማየት ብድግ ሲሉ ግን መሃል ገብቶ ይከልላቸዋል። በአንድ ጊዜ አንድን ሰው ብቻ መመርመር ልማዱ እንደሆነም ይነግራቸዋል። ነገሩ እዚያው ያለፈ ይመስላል። በሦስተኛው ገቢር፣ መርማሪው ከቤቱ ከወጣ በኋላ፣ ጄራልድ ወደዚያች ቅጽበት ይመለስና ሁላቸውም ያዩት የአንዲትን ሴት ፎቶ ለመሆኑ ምን ማስረጃ እንዳላቸው ይጠይቃል። የተውኔቱ መጨረሻ የሚንጠለጠለው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

እንግዲህ አንዲት የኮሌጅ ተማሪ ይህን ተውኔት ልታዘጋጅ ተነሣች እንበል። በመጀመሪያው ገቢር ኤሪክን ከአባቱ ወንበር ጀርባ ብታቆመው፣ አሥራ አምስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠ ተመልካች ልጁ ፎቶውን በአባቱ ትከሻ አሻግሮ እንዳየው ይቆጥራል። ጄራልድ በኋላ ጥያቄውን ሲያነሣ ያ ተመልካች «እንዴ፣ ኤሪክ አይቶት የለም እንዴ?» ይላል። ተዋናዮቹ አንድም ቃል ሳይስቱ፣ ልብሱ ሳይጓደል፣ መብራቱ ሳይጠፋ ቴአትሩ ተበላሸ። ያበላሸው የአንድ ሰው አቋቋም ነው።

ይህ ምዕራፍ ያንን አቋቋም ስለሚወስነው ሰው ነው፤ በተለይም ገንዘብና ልምድ ሳይኖረው በኮሌጅ አዳራሽ ውስጥ ቴአትር ለማቅረብ ስለሚነሣ ተማሪ አዘጋጅ። የምለው በአጭሩ ይህ ነው፦ አዘጋጅ ተመልካቹ ከመምጣቱ በፊት የተመልካቹን ቦታ ይዞ የሚሠራ ሰው ነው። ከመጀመሪያው ንባብ እስከ መጨረሻው ልምምድ የሚገጥመው ጥያቄ ሁሉ የሚፈታው ከዚያ ቦታ ሲታይ ነው።

ሙያው ከየት መጣ?

ተውኔት ከ2,500 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። አዘጋጅነት ራሱን የቻለ ሙያ ከሆነ ግን ገና 150 ዓመት ያህል ቢሆነው ነው። ከዚያ በፊት ልምምዱን የሚመራው ደራሲው፣ ዋናው ተዋናይ ወይም የቡድኑ ባለቤት ነበር። ሥራውም በአብዛኛው ማን በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ከማስተካከል አያልፍም ነበር። ይህን ከለወጡት አንዱ በጀርመን የሳክስ-ማይኒንገን መስፍን ዳግማዊ ጌኦርግ ነው። ከእ.ኤ.አ. 1874 እስከ 1890 በአውሮፓ ከተሞች እየዞረ ያሳየው ቡድኑ፣ በአንዱ ተውኔት መሪ የነበረውን ተዋናይ በሌላው ከሕዝቡ መሃል ያቆመው ነበር። መድረክ ላይ የቆመው ሕዝብም እያንዳንዱ ሰው የራሱ ምክንያት ኖሮት እንዲንቀሳቀስ በረጅም ልምምድ ይዘጋጅ ነበር።

የዚያን ቡድን ሥራ አይተው ከተደነቁት ሁለቱን ተማሪ አዘጋጅ ሁሉ ሊያውቃቸው ይገባል። ፈረንሳዊው አንድሬ አንትዋን የጋዝ ኩባንያ ተቀጣሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1887 በፓሪስ «ቴአትር ሊብር»ን ሲጀምር ለመድረክ ዕቃ የሚከፍለው አልነበረውምና የእናቱን የቤት ዕቃ በጋሪ ጭኖ አመጣ። ድህነቱ ያስገደደው ነገር የኋላ ኋላ የአሠራሩ መለያ ሆነ፤ መድረኩ ላይ የሚታየው ወንበር ሰው የሚቀመጥበት እውነተኛ ወንበር ነበር። ሩሲያዊው ኮንስታንቲን ስታኒስላቭስኪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1897 ከቭላዲሚር ኔሚሮቪች-ዳንቼንኮ ጋር በአንድ የሞስኮ ምግብ ቤት ተገናኝቶ ለ18 ሰዓት ያህል ተወያየ። በዓመቱ የሞስኮ አርት ቴአትር ተከፈተ። ኔሚሮቪች-ዳንቼንኮ የድራማ መምህር ስለነበር ከአዲሱ ቡድን ተዋናዮች በርከት ያሉት በእጁ የተማሩ ወጣቶች ነበሩ። የዘመናችን አዘጋጅነት ሲወለድ ከመማሪያ ክፍል ብዙም ርቆ አልነበረም ማለት ነው።

የኛም ዘመናዊ ቴአትር እንዲሁ ነው። በሩሲያ የተማሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ»ን በ1910ዎቹ አዲስ አበባ ላይ ካሳዩ በኋላ ጥበቡን ይዘው ያቆዩት መምህራንና ተማሪዎች ናቸው። ዮፍታሔ ንጉሤና መላኩ በጎሰው ተውኔት እየጻፉ ከተማሪዎቻቸው ጋር ያሳዩ ነበር፤ የሴቶቹን ገፀ ባሕርያት የሚጫወቱትም ወንዶች ልጆች ነበሩ። ፀጋዬ ገብረ መድኅን የመጀመሪያ ተውኔታቸውን የጻፉት አምቦ ተማሪ ሳሉ ነው። እኚሁ ሰው በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል ሲቋቋም ዋነኛ ድርሻ ነበራቸው። እንግዲህ ዛሬ በኮሌጅ አዳራሽ ተዋናይ የሚያሰባስብ ተማሪ በሰው ቤት የገባ እንግዳ አይደለም።

ከሁሉ በፊት ንባብ

ምሳሌያችንን እንቀጥል። ተማሪዋ ስድስት ሳምንት፣ አንድ የስብሰባ አዳራሽና ሰባት ተዋናዮች አሏት። የፕሪስትሊን ተውኔት የመረጠችበት ምክንያት አላት። ገፀ ባሕርያቱ ሰባት ብቻ ናቸው፤ ቦታው አንድ የምግብ ክፍል ነው፤ ታሪኩ በአንድ ምሽት ያልቃል። ሁለተኛው ገቢር የሚጀምረው የመጀመሪያው ባቆመበት ቅጽበት፣ ሦስተኛውም ሁለተኛው ባቆመበት ቅጽበት ነው። የመድረክ ለውጥ የለም፤ የልብስ ለውጥም እምብዛም አያስፈልግም። መንግሥቱ ለማ ይህንኑ ተውኔት «ጠያቂ» ብለው ወደ አማርኛ መልሰውታልና የተመለሰ ጽሑፍም አለ።

ጽሑፉን ከመንካቷ በፊት የምታደርገው አንድ ነገር አለ፤ ፈቃድ መጠየቅ። የኢትዮጵያ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ፕሪስትሊ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው፤ መንግሥቱ ለማ ያረፉት በ1980 ዓ.ም ነው። ሁለቱም ጊዜው አልደረሰም። የኮሌጅ ቴአትር ገቢ የለውም ብሎ መብትን መዝለል ትክክል አይደለም፤ ለወራሾች የሚጻፍ አንድ ደብዳቤ ተማሪን ለደራሲ ክብር መስጠትንም ያስተምረዋል።

ከዚያ ንባቡ ይጀምራል። የመጀመሪያው ንባብ በአንድ ቁጭታ፣ ያለ እርሳስ ቢሆን ይመረጣል። አዘጋጅ ተውኔቱን እንደ ተመልካች የሚቀበለው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለተኛ ሲያነበው መጨረሻውን ያውቀዋል። ስለዚህ ንባቡን እንደጨረሰች የት እንደሰለቻት፣ የት እንደደነገጠች፣ ማንን እንደጠረጠረች ወዲያው ትጽፋለች። ከሳምንታት በኋላ፣ ሁሉም ነገር ሲለመድና ምንም ነገር አላስደንቅ ሲላት፣ ተመልካቹ ምን እንደሚሰማው የምታስታውስበት ያ ወረቀት ነው።

ሁለተኛው ንባብ ሐቅ መልቀም ነው። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1912 ጸደይ ነው። ቤተሰቡ የሴት ልጁን የሺላን መታጨት ምክንያት በማድረግ ራት በልቷል። ኤሪክ ጠጥቷል። አባቱ የክብር ማዕረግ ይጠብቃል። ጄራልድ ባለፈው በጋ ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ ነበር፤ ምክንያቱ ሥራ ነው ብሏል። አዲሷ ታይታኒክ በሚቀጥለው ሳምንት ጉዞ ትጀምራለች፤ በርሊንግም ልትሰጥም እንደማትችል በሙሉ ልብ ይናገራል። ተውኔቱ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1945 በሶቪየት ኅብረት ነው፤ ተመልካቹ መርከቧም እንደሰጠመች፣ በርሊንግ አይነሣም ያለው ጦርነትም ሁለት ጊዜ እንደተነሣ ያውቅ ነበር። የኛም አገር ተመልካች የታይታኒክን ነገር በፊልም ያውቀዋል። ተዋናዩ ያንን ንግግር በፈገግታ ወይም በሹፈት ቃና ከተናገረው ግን ነገሩ ይበላሻል። አንድ ሰው በፍጹም እምነት ሲሳሳት ማየት የሚያስፈራ ነገር ነው፤ ስለዚህ ሰውዬው አምኖ መናገር አለበት።

ሦስተኛው ንባብ ከሁሉም ይከብዳል። ተማሪዋ ጽሑፉን በትንንሽ ክፍሎች ትከፍለዋለች፤ አንድ ሰው ሲገባ፣ ሲወጣ ወይም የሚፈልገውን ነገር ሲለውጥ አዲስ ክፍል ይጀምራል። ገጾቹን ቀዳድዳ በትልቅ መዝገብ ግራ ገጽ ላይ ትለጥፋለች፤ ቀኝ ገጹ ባዶ ይቆያል። በየክፍሉ ፊት ለፊት ሁለት ነገር ትጽፋለች፤ እያንዳንዱ ሰው አሁን ምን ይፈልጋል? ለማግኘትስ ምን ያደርጋል? ይህ መዝገብ ከዚህ በኋላ ከእጇ አይለይም።

በመጨረሻም ተውኔቱ ስለ ምን እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ አለባት። «እያንዳንዱ ሰው ትንሽ ናት ብሎ የሠራት ክፋት ተደማምራ አንዲት ሴት ገደለች» ብትል አንድ ዝግጅት ይወጣል፤ የማትታየው ሟች በየአፍታው እንድትታሰብ ማድረግ ይኖርባታል። «ወላጆች ያላመኑትን ጥፋት ልጆቻቸው አመኑ» ብትል ደግሞ ሌላ ዝግጅት ነው፤ በመጨረሻው ገቢር ሺላና ኤሪክ በአንድ ወገን፣ ወላጆቻቸው በሌላ ወገን ይቆማሉ። ሁለቱም ከጽሑፉ የሚወጡ ናቸው። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ የፈለገ ግን ተመልካቹ ዓይኑን የት እንደሚያሳርፍ ያሳጣዋል። መምረጥ ግድ ነው።

ተዋናይ መምረጥ

የተማሪ አዘጋጅ የመጀመሪያው ፈተና ጓደኞቹ ናቸው። አንዱ ቃል ገብቶለታል፣ ሌላዋ ባለፈው ዓመት አብራው ሠርታለች፣ ሦስተኛው ካልተመረጠ ያኮርፋል። ፈተናውን ለሁሉም ክፍት ማድረግና ሁሉንም በአንድ መለኪያ መመዘን ለቡድኑ ሰላም የመጀመሪያው መሠረት ነው።

ምን ይታያል ቢባል፣ ድምፅና ቁመና በኋላ የሚመጡ ናቸው። ቀድሞ የሚታየው መስማት ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ገጽ እንዲያነቡ ይደረግና የሚታየው የሚናገረው ሳይሆን የሚሰማው ነው። ተራው እስኪደርስ ወረቀቱ ላይ የሚያፈጥ አለ፤ የሌላው ቃል ሲደርሰው ፊቱ የሚለወጥ አለ። ይህኛው ሌላው ጉድለቱ በልምምድ ይሞላል። ከዚያ ያንኑ ገጽ በሌላ መመሪያ ደግመው እንዲያነቡት ይጠየቃሉ። መመሪያውን ተቀብሎ የሚለወጥ ተዋናይ ስድስቱን ሳምንት ሙሉ ይለወጣል፤ መጀመሪያ ያነበበውን አሳምሮ የሚደግም ግን የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ይቀራል።

የዕድሜው ነገር የኮሌጅ ቴአትር ትልቁ ራስ ምታት ነው። በርሊንግ በሃምሳዎቹ አጋማሽ ያለ ሰው ነው፤ ሚስቱ ሲቢል ሃምሳ ገደማ ናት፤ ተዋናዮቹ ሃያ ዓመት ናቸው። ጀርባን ማጉበጥ፣ ፀጉር ላይ ዱቄት መነስነስ፣ ድምፅን ማንቀጥቀጥ ሳቅ ብቻ ያተርፋል። ሥልጣን ያለው ትልቅ ሰው የሚለየው በእርጋታው ነው። ማን ሲገባ ማን ይነሣል? ማን ሳይጠየቅ ይቀመጣል? ሌሎቹ ለመናገር የማንን ፊት ያያሉ? የሃያ ዓመቱ ልጅ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ተቀምጦ፣ ሌሎቹ ለእሱ ቢነሡለት፣ ተመልካቹ አባትነቱን ይቀበለዋል። ታላቅነቱን የሚሠሩት በዙሪያው ያሉት ናቸው። መርማሪውም እንደዚያው ነው፤ ፕሪስትሊ ግዙፍ ሰው መሆን እንደሌለበት፣ ነገር ግን ሲገባ የጽናትና የክብደት ስሜት መፍጠር እንዳለበት ጽፏል። ቀጭን ልጅም ያን ክብደት ሊይዘው ይችላል፤ ቸኩሎ ካልተንቀሳቀሰ፣ ሲጠይቅም መልሱን ጠብቆ ዓይኑን ካላነሣ።

ወለሉ ላይ

የመጀመሪያው ሳምንት በጠረጴዛ ዙሪያ ያልፋል፤ ሰባቱም ተቀምጠው ያነባሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ይከራከራሉ። በሁለተኛው ይነሣሉ። አዳራሹ ገና አልተለቀቀላቸውምና ተማሪዋ የመድረኩን ስፋት ለክታ በአንድ ክፍል ወለል ላይ በፕላስተር ታሰምረዋለች። በሩ እዚህ፣ ጠረጴዛው እዚህ፣ ስልኩ እዚያ። መድረክ ላይ ቀኝና ግራ የሚባለው ፊቱን ወደ ተመልካች ባዞረ ተዋናይ ቀኝና ግራ ነው፤ ይህ በመጀመሪያው ቀን ካልተስማሙበት ልምምዱ በሙሉ «ወደዚህ ነው ወደዚያ?» ሲባባሉ ያልፋል።

ከዚህ በፊት ግን አዳራሹ ሄዳ በወንበሮቹ ሁሉ ላይ መቀመጥ አለባት። የብዙ ኮሌጆች አዳራሽ ለስብሰባ የተሠራ ስለሆነ ወለሉ ወደ ኋላ ከፍ አይልም። አሥረኛው ረድፍ ላይ ያለ ሰው መድረኩ ፊት ላይ የተቀመጠን ተዋናይ ከደረት በታች አያየውም፤ ወለል ላይ የተንበረከከውን ደግሞ ጨርሶ አያየውም። ስለዚህ የራት ጠረጴዛው ወደ መድረኩ ኋላ ይሸሻል፤ ፊት ለፊት ያለው ቦታ ለቆመ ሰው ይተዋል። ከፊተኛው ረድፍ ግራና ቀኝ ጫፍ ስታይ ደግሞ የጎን መግቢያው ውስጥ ተራቸውን የሚጠብቁ ተዋናዮች እንደሚታዩ ታውቃለች፤ እዚያ ጨርቅ ያስፈልጋል። እነዚህን ሁሉ መዝገቧ ላይ ካላሰፈረች በስድስተኛው ሳምንት ያገኟታል።

አሁን ፎቶግራፉን እንመልከት። በርሊንግን ከጠረጴዛው አስነሥታ ወደ መድረኩ ቀኝ ፊት ታመጣዋለች። ኤሪክና ጄራልድ በስተግራ ኋላ፣ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጠዋል። መርማሪው ወደ በርሊንግ ሄዶ ፎቶውን ያሳየዋል፤ ካርዱን የሚይዘው ጀርባው ብቻ ለተመልካቹ እንዲታይ አድርጎ ነው። ሁለቱ ወጣቶች ተነሥተው ሁለት እርምጃ ይራመዳሉ፤ መርማሪው ዞሮ መንገዳቸው ላይ ይቆማል። እነሱ ቆመው እያዩት ፎቶውን ወደ ኪሱ ይመልሰዋል፤ ቀስ ብሎ፣ ሁሉም እንዲያየው። ከዚያ ብቻ ይቀመጣሉ። አሁን በመጨረሻው ረድፍ ያለው ሰው ሳይቀር በርሊንግ ብቻ እንዳየ ያውቃል።

ግን የትኛው ኪስ? ቆየት ብሎ ሺላ ፎቶውን ታያለች፤ ጽሑፉ መርማሪው ወደ መብራት ጠጋ እንዲልና እሷም ወደ እሱ እንድትሄድ ያደርጋል። በሁለተኛው ገቢር ደግሞ እናቷ ታያለች። መርማሪው ሦስቱንም ጊዜ ፎቶውን ያወጣው ከአንድ ኪስ ከሆነ ተመልካቹ ሳያስበው ፎቶው አንድ ነው ብሎ ይይዛል፤ የጄራልድ ጥያቄ ሲመጣ ይደነግጣል። ከተለያየ ኪስ ካወጣው ደግሞ ንቁ ተመልካች ጥርጣሬውን ቀደም ብሎ ይጀምራል፤ ጥያቄው ሲነሣ «አውቄው ነበር» የሚል ደስታ ያገኛል። ጽሑፉ ይህን አይወስንም። መወሰን ያለባት ተማሪዋ ናት፤ የምትወስነውም በመጀመሪያ በጻፈችው አንድ ዓረፍተ ነገር መሠረት ነው። ተመልካቹ ስለዚህ ኪስ በኋላ አያወራም። አዘጋጅነት የተሠራው እንዲህ ካሉ መቶ ትንንሽ ውሳኔዎች ነው።

ልምምድ

የልምምድ መርሐ ግብር የሚወጣው ከመጨረሻው ወደ ኋላ በመቁጠር ነው። የሚታይበት ቀን መጀመሪያ ይጻፋል፤ ከዚያ በፊት መብራትና ድምፅ የሚቀናጅባቸው ቀናት፣ ከዚያ በፊት ሳይቋረጥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚሄድባቸው ቀናት፣ ከዚያም በፊት ተዋናዮች ወረቀት የሚጥሉበት ቀን። የፈተና ሳምንትና የበዓላት ቀናት አስቀድመው ይሰረዛሉ። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» የሚለው ምክር ለተማሪ አዘጋጅ የተነገረ ይመስላል፤ የመጨረሻው ሳምንት የሚጨናነቀው የመጀመሪያው ሳምንት ሳይቆጠር ስላለፈ ነው።

ቀጥሎ ማን በየትኛው ክፍል መድረክ ላይ እንዳለ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ይሠራል። ሲቢል በመጀመሪያው ገቢር አብዛኛውን ጊዜ የለችም። ኤሪክ ሁለተኛውን ገቢር በሙሉ ማለት ይቻላል ውጭ ነው። የቤት ሠራተኛዋ የኤድና ቃለ ተውኔት ጥቂት መስመር ነው። ይህ ሠንጠረዥ ከሌለ ሰባቱም በየምሽቱ ይጠራሉ፤ አራቱ ጥግ ይዘው ስልካቸውን ሲነካኩ ያመሻሉ፤ በሦስተኛው ሳምንት መቅረት ይጀምራሉ። ክፍል ያለበትና መታጠቢያ ቤት ውኃ የሚጠብቅ ተማሪ ጊዜው ከተከበረለት በሰዓቱ ይመጣል።

የአዘጋጅ ቋንቋም ይለመዳል። ሲቢልን የምትጫወተው ልጅ መርማሪውን ስታነጋግር ግራ ገብቷት ትጠይቃለች እንበል።

«እዚህ ጋ ልቆጣ?»

«አትቆጪ። ሰውዬው ከቤትሽ እንዲወጣልሽ አድርጊ። ጨዋነትሽን ግን እንዳትለቂ።»

ቁጣ ስሜት ነው፤ ተዋናይ ተቆጪ ከተባለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ፊቷን ታጠቁራለች። ሰውን ማስወጣት ግን ሥራ ነው፤ በዝምታም፣ በፈገግታም፣ ወደ በሩ በማየትም ይሠራል። ተዋናይዋ መንገዱን ራሷ ታገኛለች፤ ያገኘችውንም በየምሽቱ ልትደግመው ትችላለች። አዘጋጅ ተነሥቶ «እንዲህ አድርጊው» ብሎ ሲያሳያት ግን የምታተርፈው የእሱን ጥላ ነው።

እርማትም ወግ አለው። ልምምዱ ሲሄድ አይቋረጥም፤ በማስታወሻ ይያዛል፤ ሲያበቃ ሁሉም ተቀምጠው ይነገራል። ለአንድ ሰው በአንድ ምሽት ከሦስት በላይ እርማት መስጠት ሁሉንም ማስረሳት ነው። ተማሪዋ ከእሷ ከፍ ያለ ዓመት ላይ ያለን ተማሪ ማረም ይኖርባታል፤ ይህ በኛ ባህል ቀላል አይደለም። የሚያግዛት አንድ ነገር አለ። እርማቷን ሁሉ ከተመልካቹ ወንበር ብትናገር፣ «አልገባህም» ሳይሆን «እዚያ ኋላ ሆኜ አልሰማሁህም» ብትል፣ ክርክሩ በሁለት ተማሪዎች መካከል መሆኑ ይቀራል። ለተመልካቹ ሲባል የሚቀበለው ሰው ብዙ ነው።

ደወልና ብርሃን

በመጀመሪያው ገቢር በርሊንግ ለሁለቱ ወጣቶች የሕይወት ምክር ይሰጣል፤ ሰው የራሱንና የቤተሰቡን ጉዳይ ብቻ ይመልከት ባይ ነው። ንግግሩን ሳይጨርስ የበሩ ደወል ይጮኻል። ፕሪስትሊ ለዚህ ሐሳብ የሰጠው መልስ ይህ ደወል ነው። ተዋናዩ ንግግሩን ጨርሶ ዝም ካለ በኋላ ቢደወል መልስነቱ ይጠፋል፤ እንግዳ መጣ ብቻ ይሆናል። ሰውዬው በቃሉ መሃል መቆረጥ አለበት። ተዋናዩ ደወሉን የሚጠብቅ ሆኖ ከታየም ተበላሸ። ስለዚህ ደወሉ ባይመጣም የሚቀጥልበት ዓረፍተ ነገር በአፉ ይዞ እንዲናገር ይደረጋል፤ ደዋዩም ቃሉን በቃሉ ያውቀዋል። ይህች ቅጽበት ብቻ የአንድ ከሰዓት ልምምድ ይገባታል።

ብርሃኑም ትርጉም አለው። ጽሑፉ መርማሪው እስኪመጣ ድረስ ብርሃኑ ሮዝ መልክ ያለውና የሚያቀራርብ፣ ሲመጣ ግን ደማቅና ጠንካራ እንዲሆን ያዛል። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ባለ ቀለም ፕላስቲክ የተጋረደባቸው ጥቂት አምፖሎች በአንድ ማብሪያ፣ ያልተጋረዱት በሌላ ማብሪያ ቢሆኑ በቂ ነው። ለውጡ በደወሉ ላይ ይሁን፣ ኤድና በሩን ስትከፍት ይሁን፣ መርማሪው ሲቆም ይሁን ብላ ተማሪዋ ሦስቱንም ትሞክራለች፤ ተቀምጣ የምትሞክረውም ከአዳራሹ መጨረሻ ነው። መብራት ቢጠፋስ? ደወሉና የስልኩ ጥሪ በእጅ የሚመታ እውነተኛ ደወል ቢሆኑ ቴአትሩ አይቆምም፤ በባትሪ የሚሠሩ ጥቂት መብራቶችም አስቀድመው ቦታቸው ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ።

መዝገቡን ማስረከብ

በመጨረሻው ሳምንት አንድ ነገር ይከናወናል፤ ለብዙ ጀማሪ አዘጋጆች የሚከብደው እሱ ነው። ሥራው ከአዘጋጁ እጅ ወደ መድረክ መሪው እጅ ይተላለፋል። መድረክ መሪ በልምምዱ ሁሉ አጠገቧ ተቀምጦ ማን መቼ እንደሚንቀሳቀስ የጻፈ ሰው ነው። ከአሁን በኋላ መጋረጃውን የሚያስከፍተው፣ ደወሉን የሚያዝዘው፣ ተዋናይ ቢታመም የሚወስነው እሱ ነው። መጋረጃው ሊከፈት አንድ ሰዓት ሲቀረው ከመድረክ ጀርባ ገብቶ አዲስ እርማት የሚሰጥ አዘጋጅ ተዋናዮቹን ያስደነብራል። በዚያ ሰዓት ያልተሠራ ነገር አይሠራም።

እዚህ ላይ የአዘጋጅነት ሥራ ከሌሎቹ ጥበቦች የሚለይበት ነጥብ ይታያል። ሠዓሊ ሥዕሉ ላይ ይፈርማል፤ ደራሲ መጽሐፉ ላይ ስሙ አለ። አዘጋጅ የሠራው ሁሉ ግን የሌሎች ሰዎች ሥራ ሆኖ ነው የሚታየው። ሲቢልን የተጫወተችው ልጅ ያን ጨዋ ንቀት ራሷ ያገኘችው ከመሰላት ልክ ነች፤ ራሷ ነው ያገኘችው። ተማሪዋ ያደረገችው የምታገኝበትን ሁኔታ ማዘጋጀት ነው። በመክፈቻው ምሽት ያለ እሷ የሚሄድ ቴአትር ካቆመች ሥራዋ ተሳክቷል።

ለዚህ ነው የኮሌጅ ቴአትርን ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ አድርገው ለሚያዩ ሰዎች መልስ መስጠት የምፈልገው። ከስድስት ሳምንት በኋላ ከዚህ አዳራሽ የምትወጣ ተማሪ አንድን ጽሑፍ ሰባት ሰው ሊሠራበት እስኪችል ድረስ ማንበብ ተምራለች። የሰው ጊዜ አክብራ መርሐ ግብር ማውጣት፣ ሳታስቀይም ማረም፣ ባላት ትንሽ ነገር መወሰን፣ የወሰነችውንም ለሌላ ሰው ማስረከብ ተምራለች። ቴአትር ቤት ብትገባ ይጠቅማታል፤ ሐኪም፣ መምህርት ወይም የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ብትሆንም ይጠቅማታል። ይህን ሁሉ ለማስተማር ኮሌጁ የሚጠየቀው ማታ ማታ ባዶውን የሚያድረውን አዳራሽ መክፈት፣ ለጥበቃው ሠራተኛ ማሳወቅና የሚታይበትን ቀን በመርሐ ግብሩ ላይ ማስፈር ነው። ቁልፉ ለተማሪዎቹ ይሰጣቸው።